ስድስት ፒፓ፣ ስድስት ቅርጽ

*ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣*

*ፒፓ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። አስተማሪ የለኝም፤ ያየሁትን ነው የምሞክረው። ያለኝ መሣሪያ ማቆሚያ ላይ የታሰረ ትራፓኖ፣ አንድ ሞርሳ፣ ሁለት ሞረድ፣ መጋዝ እና ብርጭቆ ወረቀት ነው። እስካሁን ስድስት ሠርቻለሁ፤ ፎቶአቸውን አያይዣለሁ። ስድስተኛዋ ከሁሉም ታምራለች ብዬ ለአጎቴ ሰጠኋት። እሱ ለብዙ ዓመት ፒፓ ያጨሰ ሰው ነው። ከሳምንት በኋላ መለሰልኝ። «ቆንጆ ናት፣ ግን ታንኮራፋለች» አለኝ። አፏም ወፍራም ስለሆነ መንጋጋ ያደክማል አለ። እውነቱን ለመናገር ሞራሌ ወደቀ። እንጨት እያሽከረከረ የሚያስቀርጸውን ማሽን፣ ቶርኖ፣ ብገዛ ይስተካከል ይሆን? ወይስ እጄ ለዚህ ሥራ አልተፈጠረም? ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት ይምከሩኝ።*

*የምታንኮራፋዋ ፒፓ ባለቤት*

ወንድሜ፣ ቶርኖውን አትግዛ። ቢያንስ አሁን አትግዛ። ምክንያቱን እነግርሃለሁ፤ ግን መጀመሪያ ስለ አጎትህ ላውራ።

ፒፓ በስጦታ የተቀበለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «እጅህ ይባረክ» ይልና መሳቢያ ውስጥ ይከታታል። በቃ፣ ሠሪው ምንም ሳይማር ይቀራል። ያንተ አጎት ግን ሳምንት ሙሉ ሞከራት፤ ከዚያ ሁለት ጉድለት ነገረህ። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንደኛው እንዲያውም ፎቶው ላይ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው እንደልብ አይገኝምና አትቀየመው። (በነገራችን ላይ ትምባሆ በፒፓም ቢሆን ያው ትምባሆ ነው። አፍንና ጉሮሮን ለካንሰር ያጋልጣል። ሥራህን ለመፈተሽ ስትል አንተ ማጨስ እንዳትጀምር። ሳያጨሱ የሚፈተሽበት መንገድ አለ፤ ወደ ታች እጽፍልሃለሁ።)

ፎቶዎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። የመጀመሪያዋ ቢሊያርድ የሚባለው ቀጥ ያለ ቅርጽ ናት። ሁለተኛዋ አንገቷ የታጠፈ ነው። ሦስተኛዋ ቀንድ ትመስላለች። አራተኛዋ ታቿ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቆም፣ ፖከር የሚሏት ናት። አምስተኛዋ ምን እንደሆነች አንተም የምታውቅ አይመስለኝም። ስድስተኛዋ ደግሞ የዴንማርክ ሠሪዎች የሚያወጡት ዓይነት፣ ዳርና ማዕዘን የሌላት ነፃ ቅርጽ ናት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። በሁለተኛዋ የተማርከው ለሦስተኛዋ አልጠቀመህም። አንዷ የታጠፈች፣ ሌላዋ ቀንድ ናት። የቀዳዳው አቅጣጫ ይለያያል፣ ሞረዱ የሚገባበት ቦታ ይለያያል፣ ልኩ ይለያያል። ስህተቱም በየጊዜው ቦታ ይቀይራል። ስለዚህ የተሳሳተው እጅህ ይሁን ንድፍህ መለየት አትችልም። እጅ የሚፈታው አንዱን ነገር ሲመላለስበት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ አሥር ቢሊያርድ ሥራ። አሥሩም በአንድ ልክ፣ በአንድ ንድፍ ይሁኑ።

ቢሊያርድ ስልህ ቀላል እንዳይመስልህ። ሲያዩዋት ቀላል ናት፦ ቀጥ ብላ የቆመች፣ ወገቧ ላይ በጣም ትንሽ ሞላ ያለች ራስ፤ ክብ አንገት፤ ወደ ጫፉ እየሳሳ የሚሄድ መምጠጫ። ምንም መደበቂያ የላትም። ነፃ ቅርጽ ላይ ቀኝ ጎኗ ከግራው ቢያብጥ «እንዲህ እንድትሆን ነው ያሰብኩት» ብለህ ታልፋለህ። ቢሊያርድ ላይ ግን ዓይን ያለው ሁሉ ያይብሃል። ከሁሉ የሚከብደው ራሷ ከአንገቷ የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዚያ ጋ ዙሪያውን ጥርት ያለ መስመር መውጣት አለበት። ጀማሪ እዚያ ቦታ ላይ ጉንጭ፣ ማለትም ያልተነሳ ትርፍ እንጨት፣ ይተዋል፤ ሞረዱ ስለማይገባለት ብርጭቆ ወረቀቱን በጣቱ ጠቅልሎ ያሻል፣ መስመሩም ይሟሽሻል። የመጀመሪያዋ ፒፓህ ላይ ሁለቱም ጉንጮች አሉ። ክብ ሞረድ አስገባ። ብርጭቆ ወረቀቱን ደግሞ ጣትህ ላይ ሳይሆን ቀጭን ክብ እንጨት ላይ ጠቅልለው።

ንድፉን በወረቀት ላይ በትክክለኛ መጠኑ ሣለው፤ ከጎን አንድ፣ ከላይ አንድ። የራሷ ቁመትና የአንገቷ ርዝመት ተቀራራቢ ይሁኑ፤ አንዱ ሲበልጥ ነው የምትዛባው። ቅጂውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው፣ ዋናውን አስቀምጠው። እያንዳንዷን ፒፓ ስትጨርስ ዋናው ወረቀት ላይ አስተኛትና የት ጋ እንደወጣች፣ የት ጋ እንደጎደለች ጀርባው ላይ ጻፍ። ቀን ጻፍ፣ ቁጥር ስጣት። አራተኛዋ ወይም አምስተኛዋ ላይ መሰልቸትህ አይቀርም። ያኔ ነው ዓይንህ ትንንሹን ነገር ማየት የሚጀምረው፤ ቀጥልበት።

አሁን ወደ ማንኮራፋቱ ልምጣ። ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

ትምባሆ ሲነድ እንፋሎት ይወጣዋል። እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ጠባብ መተላለፊያ ሲያልፍ ውኃ ይሆናል። መተላለፊያው ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ከሆነ ብዙም አያስቸግርም፤ እንጨቱም የተወሰነውን ይመጠዋል። መንገድ ላይ ጉድጓድ ካገኘ ግን እዚያ ይጠራቀማል። ከዚያ በኋላ ሰውየው በሳበ ቁጥር አየሩ በዚያ ውኃ ውስጥ እየተንቦጫቦጨ ነው የሚያልፈው። አጎትህ የሰማው ማንኮራፋት ያ ነው።

ጉድጓዱ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚገኘው፤ የመምጠጫው ወንዴ (ወጣ ያለው ጫፍ) የአንገቱ ሴቴ (መቀበያው ቀዳዳ) ውስጥ በሚገባበት። ሴቴውን 17 ሚሊ ሜትር አጥልቀህ ወንዴውን 13 ሚሊ ካወጣኸው መሃል ላይ የ4 ሚሊ ባዶ ክፍል ሠርተሃል ማለት ነው። ከውጭ ስታየው ግጥም ብሏል። ውስጡን ለቄስ!

ከራሴ ልንገርህ። መጀመሪያ የሸጥኳት ፒፓ በአሥረኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ገዢው ጨዋ ሰው ነበር። «ምናልባት እኔ አጫጫሱን አላወቅኩበት ይሆናል» አለኝ። «አዎ፣ ሳብ ሲያደርጉ ረጋ ይበሉ» ልለው ምንም አልቀረኝም። ግን እሱ ከእኔ ዕድሜ በላይ ፒፓ የያዘ ሰው ነው። ገንዘቡን መለስኩለት። ማታውን ፒፓዋን ሞርሳ ላይ አስሬ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰነጠቅኳት።

ውስጧን ሳይ ደነገጥኩ። ወንዴውና ሴቴው መሃል ያለው ክፍተት ቡናማ በሆነ የሚያጣብቅ ነገር ተሞልቷል። የአየር ቀዳዳው የትምባሆው ጉድጓድ ውስጥ የገባው ከወለሉ 3 ሚሊ ያህል ከፍ ብሎ ነው፤ እሱም ወደ ግራ አዘንብሎ። ከቀዳዳው በታች ያለው ትምባሆ ሳይነድ ቀርቶ እንደ ጭቃ ተለጥፏል። እኔ ደግሞ ከውጭ ስወለውላት ሁለት ቀን ፈጅቼባት ነበር! ያቺን ግማሽ ፒፓ እስከ ዛሬ ከመሥሪያ ጠረጴዛዬ በላይ ሰቅያታለሁ።

አንተም ስድስተኛዋን ሰንጥቃት። አዎ፣ የምትወዳት እሷን እንደሆነ ገብቶኛል። ለዚያ ነው እሷን የምልህ። እንዴት እንደምትሰነጥቃት መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ።

ለአሥሩ ቢሊያርድ የምትይዘው ልክ ይሄ ነው። የአየር ቀዳዳው 4 ሚሊ። የትምባሆው ጉድጓድ 20 ሚሊ ስፋት፣ 38 ሚሊ ጥልቀት፤ ወለሉ እንደ እንቁላል ታች ክብ ይሁን። የአየር ቀዳዳው ልክ በወለሉ መሃል ይውጣ። ከዚያ በላይ ከወጣ እንደኔ ጭቃ ታጠራቅማለህ፤ ከዚያ በታች ከሄደ ወለሉ ይሳሳል። የግድግዳው ውፍረት ከ6 ሚሊ አይነስ፣ የወለሉም እንዲሁ። እሳት የሚቀመጥበት ዕቃ መሆኑን አትርሳ፤ ሲሳሳ ጣት ያቃጥላል፣ ሲብስ ይበሳል። ሴቴው 8 ሚሊ ስፋት፣ 15 ሚሊ ጥልቀት። ወንዴው ከዚያ ግማሽ ሚሊ ብቻ ይጠር። እኩል ይሁን አላልኩህም፤ እንጨት በእርጥበትና በሙቀት ይንቀሳቀሳል፣ ወንዴው አንድ ቀን ወለሉን ነክቶ መምጠጫው አልገጥም ይልሃል። ሌሎች ሠሪዎች ከዚህ ትንሽ ወጣ ገባ ይላሉ። አንተ ግን እስከ አሥረኛዋ ድረስ ቁጥሩን አትነካካው።

የአሠራሩ ቅደም ተከተልስ? መጀመሪያ ብሳ፣ ከዚያ ቅረጽ። እንጨቱ አራት ማዕዘን እያለ ሞርሳው በደንብ ይይዘዋል፤ በየፊቱ ላይ የመሃል መስመር ማስመር ትችላለህ። ስድስተኛዋን ግን ቀድመህ ቀርጸህ በኋላ እንደበሳሃት ያስታውቃል። የአንገቷ ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ማዘንበሉ ያሳብቅብሃል።

ይህን ከየት እንዳመጣኸው እገምታለሁ። ፒፓ ሠሪው ሲክስተን ኢቫርሰን (እ.ኤ.አ. 1910–2001) ዴንማርክ፣ ኮፐንሃገን ውስጥ እንዲህ ነበር የሚሠራው፤ መጀመሪያ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ይቀርጻል፣ ቀዳዳው በኋላ ይከተላል። ነፃዎቹ የዴንማርክ ቅርጾች የተወለዱት ከዚህ አሠራር ነው። ልጁ ላርስና የልጅ ልጁ ናናም በዚሁ ሙያ ቀጠሉ። ግን ሰውየው ሥራውን የጀመረው ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቃለህ? የሰው ፒፓ እየጠገነ። ነፃ ቅርጽ ላይ የደረሰው ስንቱን የሌላ ሰው ቀዳዳ፣ ስንቱን የሌላ ሰው ወንዴ ካየ በኋላ ነው። አንተ መጨረሻውን አይተህ ከመጨረሻው ጀመርክ። ሲሉ ሰምታ… ይባል የለ?

ስለዚህ አንተም ጠግን። አሮጌና የተሰበረ ፒፓ ካገኘህ አትለፈው። አጽዳው፣ በካሊፐር (የውፍረትና የስፋት መለኪያ) እያንዳንዱን ነገር ለካው፣ ልኩን ጻፈው። መምጠጫው የጠፋ ከሆነ አዲስ ሥራለት። የራስህን ወንዴ ለራስህ ሴቴ ማስገጠም አንድ ነገር ነው፤ ሌላ ሰው ለበሳው ሴቴ ማስገጠም ሌላ ነው። እጄ በጣም የተፈታው እኔም በዚህ ነው።

ቀጭን ረጅም ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ) እንጨት ውስጥ ሲገባ መንገዱን ይስታል። ጠንካራ ጅማት ሲያገኝ ወደ ለስላሳው ያዘነብላል። መጀመሪያ ሴቴውን በ8 ሚሊ ፑንታ ብሳ። እንጨቱን ከሞርሳው ሳትፈታ፣ ሳታንቀሳቅስ፣ ፑንታውን ብቻ ቀይረህ የአየር ቀዳዳውን በዚያው መሃል አስገባ። እንዲህ ካደረግክ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ይውላሉ። መጀመሪያዋን አንድ ሴንቲ ሜትር በአጭር ፑንታ ጀምር፤ አጭሩ ስለማይታጠፍ ለረጅሙ መንገድ ይጠርግለታል። በየ5 ሚሊው ፑንታውን አውጣና ብናኙን አራግፍ። ስትገፋው የተቃጠለ ሽታ ከሸተተህ ወይ ፑንታው ደንዝዟል፣ ወይ ቸኩለሃል።

የአንገቱ ፊት ለቀዳዳው ቀጥ ያለ ካልሆነ መምጠጫው ሲገጥም በመሃል ብርሃን ይታያል። ቶርኖ ያለው ሰው ይህን በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል። ቶርኖ የሌለውስ? 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ፈልግ። ብርጭቆ ወረቀት በክቡ ቆርጠህ መሃሉን ብሳና ዘንጉ ላይ አስገባው። ከጀርባው ጠፍጣፋ ነገር አድርግለት። ዘንጉን ሴቴው ውስጥ ከትተህ ወረቀቱን ፊቱ ላይ በቀስታ አዙር። ዘንጉ ራሱ ቀጥ አድርጎ ይይዝልሃል። ቶርኖ የምትገዛው አሥሩ ካለቁ በኋላ ነው። ያኔ ምን እንዲሠራልህ እንደምትፈልግ ታውቃለህ፤ አሁን ብትገዛው የተጣመመ ቀዳዳ በፍጥነት ይበሳልሃል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሳያጨሱ መፈተሻ ያልኩህ ደግሞ እነሆ። ጥጥ የለበሰውን የፒፓ መጥረጊያ ሽቦ ከመምጠጫው ጫፍ አስገባ። መምጠጫውን ሳትነቅል፣ ሳይያዝ፣ ሳይደናቀፍ እስከ ጉድጓዱ ወለል ከደረሰ ጥሩ ነው። መጋጠሚያው ላይ ከቆመ እዚያ ደረጃ አለ ማለት ነው። ቀጥሎ ባዶዋን ፒፓ ሳባት። መስማት ያለብህ የራስህን ትንፋሽ ብቻ ነው። ካፏጨች የሆነ ቦታ ስለታም ጠርዝ ወይም ጥበት አለ። የወንዴውን ጫፍና የሴቴውን ወለል አፍ ትንሽ ሞረድ አድርገህ ጠርዙን አጥፋው። ክፍተቱን ለማወቅ ደግሞ ለስለስ ያለ የሰም ድቡልቡል ሴቴው ወለል ላይ ጣል፣ መምጠጫውን እስከ መጨረሻው ግፋ፣ አውጣው። የተጨፈለቀው ሰም ውፍረት የክፍተቱ ልክ ነው። ለካው። ሰሙን ግን በደንብ አጽዳ፤ እኔ አንዴ ረስቼው ያቀረብኩትን ይቅርታ ባልነግርህ ይሻላል።

ወደ መምጠጫው እንምጣ። የአጎትህ መንጋጋ ያለው ነገር ፎቶው ላይ ይታያል ያልኩህ ይሄን ነው። ጫፉ ወደ 7 ሚሊ የሚጠጋ ይመስለኛል። ጥርስ የሚያርፍበት ቦታ 4 ሚሊ አካባቢ መሆን አለበት። ለምን እንደተውከው ይገባኛል፤ ሞረዱ ቀዳዳውን እንዳይበሳብህ ፈርተህ ነው። ልክም ነህ። 4 ሚሊ ክብ ቀዳዳ 4 ሚሊ ውፍረት ባለው ነገር ውስጥ አይቀመጥም።

ሚስጥሩ ከውስጥ መጀመር ነው። ቀዳዳው ወደ አፍ ሲቀርብ ቁመቱ እየቀነሰ ወደ 2 ሚሊ ይወርዳል፤ በዚያው ልክ ወደ ጎን እንደ ማራገቢያ ይከፈታል። ከፍታውን ያጣው በስፋት ይካካሳል፤ አየሩ አይታነቅም። ይህን በቀጭን የመርፌ ሞረድ ነው የምታደርገው፤ ከጫፉ እየገባህ፣ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ። አሰልቺ ሥራ ነው። ውስጡ ካለቀ በኋላ ውጭውን ያለ ፍርሃት ማሳሳት ትችላለህ። በየጊዜው ወደ ብርሃን አድርገህ እየው፣ በካሊፐር እየለካህ ሂድ። ጫፉ ላይ ከላይም ከታችም ትንሽ ከንፈር ተው፤ ጥርስ ከኋላው ይያዛል። ከንፈሩ ከአንድ ሚሊ ተኩል ባይበልጥ ጥሩ ነው። ስትጨርስ በደንብ እጠበውና ዓይንህን ጨፍነህ አፍህ ውስጥ አድርገው። ምላስ ዓይን ያላየውን ጭረት ያገኛል። የሚቆረቁርህ ቦታ ካለ አላለቀም።

እኔ ጋ አንድ ፒፓ ከሚፈጀው ጊዜ ግማሹ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጀማሪ ግን እንጨቱ ላይ አራት ቀን ፈጅቶ መምጠጫውን በአንድ ከሰዓት ያጠናቅቀዋል። ፒፓን ዓይን አይቶ ይመርጣታል፤ በየቀኑ የሚኖርባት ግን አፍ ነው።

ለመምጠጫ ኢቦናይት ያዝ። ጎማና ድኝ ተጋግሮ የሚሠራ ጠንካራ ነገር ነው፤ ለጥርስ ለስላሳ ነው፣ ሞረድም ይታዘዛል። ስትሞርደው የድኝ ሽታ ይሸትሃል፣ ፀሐይ ላይ ከተውከው ወደ አረንጓዴ ቡናማ ይቀየራል። አክሪሊክ የሚባለው ፕላስቲክ አይደበዝዝም፤ ግን ይጠነክራል፣ ጠርዙም ይሸረፋል። ለአሥሩ ፒፓ ኢቦናይት ይበቃሃል። በፋብሪካ ቅርጽ የወጣላቸውን መምጠጫዎች ብትጠቀምም አላፍርብህም፤ ጫፋቸውን ግን በራስህ አሳሳው።

ስለ እንጨቱ ምንም አልጻፍክም። ሆኖም ሁለተኛዋና አምስተኛዋ ላይ በማስቲሽ የተደፈኑ ነጥቦች አይቻለሁ። ፒፓ የሚሠራበት እንጨት፣ ብራየር፣ የአስታ ዘር ከሆነው ዛፍ ነው የሚገኘው፤ ከግንዱም ከቅርንጫፉም ሳይሆን በግንዱና በሥሩ መካከል አፈር ውስጥ ከሚያብጠው ጉብጉብ። የፒፓው ብራየር የሚመጣው ከሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ነው። ጉብጉቡ ተቆርጦ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል፣ ከዚያ ለወራት ቀስ ብሎ ይደርቃል። የፈረንሳይዋ ሴን ክሎድ ከተማ ከ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስሟን ያገኘችው በዚህ እንጨት ነው። እሳት ይችላል፣ እርጥበት ይመጥጣል፣ ጠንካራ ነው። ራስህ የቆረጥከው ያልተቀቀለ እንጨት ሙቀት ሲነካው ይሰነጠቃል። ሙጫ ያለውን እንጨት፣ መርዛማ የሆነውንም አትሞክር፤ ሰው በአፉ የሚስበው ነገር ነው።

ጉብጉቡ ሲያድግ አሸዋና ጠጠር ይውጣል። ስለዚህ ስትሞርደው ድንገት ቀዳዳ ይወጣብሃል። ማንም ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም፤ ያንተ ጥፋት አይደለም። በማስቲሽ መድፈን ግን ተው፣ ቀለም ሲነካው ይጋለጣል። ትንሽ ከሆነ እንዳለ ተወው። በዛ ካለ መላ ገላዋን አሻክረው። እንግሊዛዊው ፒፓ ሠሪ አልፍሬድ ዳንሂል እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት የጠየቀበት በአሸዋ ግፊት የሚሻክር ገጽ እስከ ዛሬ ተወዳጅ ነው፤ እንጨቱ ላይ ያለውን ነቁጥም ይውጠዋል። አንተ የአሸዋ መርጫ ባይኖርህ በትንሽ መሮ መሸርከት ትችላለህ። ቀዳዳው ግድግዳውን ዘልቆ ከገባ ግን ያ እንጨት መለማመጃ ሆነ። ለአሥሩ ፒፓ ደግሞ ውዱን ከውጭ ቅርፊቱ ጋር የሚሸጠውን እንጨት አትግዛ። ከጉብጉቡ ውስጥ የሚወጣው ተራው ጥርብ ለዚህ ሥራ ይሻላል፤ ሲበላሽም አያስለቅስም።

ማጠናቀቂያውን ባጭሩ ልለፈው፣ እዚህ ላይ ደህና ነህ። ብርጭቆ ወረቀቱን 120፣ 220፣ 320፣ 400፣ 600 እያልክ ሂድ፤ አንዱንም አትዝለል። የ120 ጭረት የሚታየው ቀለም ከቀባህ በኋላ ነው፤ ያኔ ተመልሰህ ከ220 ትጀምራለህ። ቫርኒሽ አትቀባ፤ ሙቀት ሲነካው ይነፋል። ካርናውባ የሚባለው የዘንባባ ሰም በሚሽከረከር የጨርቅ ጎማ ላይ በቂ ነው። ጎማው ግን ይነጥቃል! ፒፓዋን ከጎማው ታችኛው ግማሽ ላይ፣ ጠርዟ ወደ መጪው አቅጣጫ ሳይዞር ያዛት። የእኔ አንዷ ግድግዳ ላይ ተላትማ አንገቷ ተሰብሯል። የብራየርም የኢቦናይትም ብናኝ ለሳንባ አይሆንም፤ ጭምብል አድርግ።

«እጄ ለዚህ አልተፈጠረም ወይ» ላልከው፣ ሦስተኛዋን ፎቶ እንደገና እያት። ከራሷ ወደ አንገቷ የሚወርደው የግራ ጎን ጥምዝ ንጹሕ ነው። የቀኙ አይደለም። ግራውን ያወጣ እጅ ቀኙንም ያወጣል።

አሁን ስድስተኛዋን ስትሰነጥቃት መምጠጫውን አትንቀለው፤ እንደገጠመ ይሁን፣ አለዚያ ክፍተቱን አታየውም። መጋዙን ልክ መሃል መስመሩ ላይ አትጀምር፤ መጋዙ ራሱ 1 ሚሊ ይበላል። ከመስመሩ 2 ሚሊ ወደ ጎን ራቅ ብለህ ጀምር። ከዚያ ትልቁን ግማሽ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተዘረጋ ብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሸህ እስከ መሃል ድረስ። የአየር ቀዳዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ሲታይህ አቁም። ክፍተቱን በካሊፐር ለካ፣ ቀዳዳው ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለካ፣ ሁለቱንም ቁጥር እንጨቱ ላይ በእርሳስ ጻፋቸው። ስትጨርስ አጎትህን ጥራው። የት ጋ ስታንኮራፋበት እንደከረመች በዓይኑ ይይ።